ላም ከነጥጃዋ 10 ዶላር፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከዳላስም ከሂውስተንም ያን ሁሉ መንገድ ነድታችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ደኅና መጣችሁ። ቡናው ከኋላ አለ። እኔ እየተናገርኩ ተነስቶ መቅዳት ይቻላል፤ አልቀየምም።

አምና እዚሁ ቆሜ "አጭር ንግግር" ካልኩ በኋላ አርባ ደቂቃ እንደፈጀሁ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ አስታውሳኛለች። ዘንድሮ እጠነቀቃለሁ። የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው፤ እሱም ከተማችን ስሙን የወረሰችው የአንድ ባለዕዳ ሰው፣ የስቲቨን ኦስቲን ደብዳቤና የሂሳብ ወረቀት ነው።

ኦስቲን የሚለውን ስም በቀን ስንቴ እንጠራዋለን? መንጃ ፈቃዳችን ላይ አለ፣ የመብራት ቢላችን ላይ አለ። ሰውየው ማን ነበር ሲባል ግን ብዙዎቻችን "የቴክሳስ አባት" ከማለት አናልፍም። ሐውልቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ስቲቨን ኦስቲን የሞተው በ1836 ነው፤ ገና የ43 ዓመት ሰው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እንዳንጣላ።) ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ንብረቱን የወረሰችው እህቱ ኤሚሊ ናት። ወረቀቱን የኤሚሊ ልጅ ጋይ ብራያን ጠብቆ አቆየው። እሱ በ1901 ሲሞት ልጆቹ ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ ያለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ በብሪስኮ የአሜሪካ ታሪክ ማዕከል ነው። ዩጂን ባርከር የሚባል የታሪክ መምህር ለቅሞ ከ1924 እስከ 1928 ባለው ጊዜ በሦስት ጥራዝ አሳትሞታል። ዛሬ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ስለዚህ "ጊዜ አጣሁ" እንጂ "መጽሐፉን አጣሁ" የሚል ምክንያት የለንም።

እንደዚህ ያለ መዝገብ ውስጥ ስንገባ ሁላችንም አንድ ጥፋት እናጠፋለን። ቆንጆ ቆንጆውን ደብዳቤ እናነባለን፤ ደረሰኝና የሂሳብ ወረቀት ሲመጣ ገጹን ገልበጥ ነው። እኔም ዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ነበር። አሁን ግን የጠረፉ ኑሮ በደንብ የሚታየው ሂሳቡ ላይ ነው እላለሁ። ደብዳቤ ላይ ሰው ይዋባል። ሂሳብ ላይ መዋብ አይሆንለትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባትየው ነው። ሞዝስ ኦስቲን የእርሳስ ነጋዴ ነበር። የመጻፊያውን አይደለም፣ የማዕድኑን። መጀመሪያ ቨርጂኒያ፣ ከዚያ ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ እያስቆፈረ፣ እያቀለጠ ከበረ። በ1819 የአሜሪካ ባንኮች ሲንኮታኮቱ እሱም አብሮ ወደቀ። በዚያ ላይ መንግሥት በ1820 መሬት በዱቤ መሸጥ አቆመ። አንድ ኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ ያውም በጥሬ ገንዘብ። የከሰረ ሰው ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙ ባለዕዳ ዓይኑን ወደ ቴክሳስ ጣለ፤ ያኔ የስፔን ግዛት ነበረች።

ሞዝስ በታኅሣሥ 1820 ሳን አንቶኒዮ ገባ። ገዥው በመጣህበት ተመለስ አለው። አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አደባባዩ ላይ አንድ የሚያውቀውን ሰው አገኘ፤ ባሮን ደ ባስትሮፕ ይባላል። በ71 ወደ ሂውስተን ስትነዱ የምታልፏት ባስትሮፕ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ሰውየው ባሮንም አይደለም፣ ባስትሮፕም አይደለም። ሆላንድ ውስጥ የግብር ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ሲፈለግ የሸሸ ሰው ነው። አዲስ ስም፣ አዲስ ማዕረግ ለጥፎ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ የተከበረ ሰው ሆኗል። አማላጅ ሆኖ ገባና ገዥውን አለሳለሰው። ጥር 17 ቀን 1821 ሦስት መቶ ቤተሰብ የማስፈር ፈቃድ ተሰጠ። ከተማችን የቆመችው በአማላጅ ነው ማለት ነው። አማላጅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ሞዝስ ፈቃዱን አልበላበትም። መንገዱ ሳንባውን ጎድቶት ሰኔ 10 ቀን 1821 ሞተ። ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ሚስቱ ማሪያ ለልጇ ለስቲቨን የጻፈችው ደብዳቤ አለ። አባትህ አልጋው አጠገብ ጠራኝ፣ መናገር እያቃተው ቦታዬን እንዲይዝ ንገሪው ብሎ ለመነኝ ትለዋለች። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ያለቅሳል። እኔም ሆዴ ባብቷል። ግን ከጎኑ ያሉትን ወረቀቶች ስታነቡ ልጁ ከፈቃዱ ጋር የወረሰውን ታያላችሁ። ዕዳ ነው። ስቲቨን የአባቱን ዕዳ ለዓመታት ሲገፋ ኖሯል።

እሱ ራሱም ባዶ እጁን ነበር። በኅዳር 1821 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሆኪንስ ከሚባል ጠበቃ ጋር ውል ተዋዋለ። ሆኪንስ 4,000 ዶላር ያወጣል፤ ስቲቨን ከሚያገኘው መሬት ግማሹን ይሰጣል። በዚያ ገንዘብ ላይቭሊ የምትባል ትንሽ መርከብ ስንቅና ሰው ጭና ሄደች። ቀጠሮው የኮሎራዶ ወንዝ አፍ ላይ ነበር። መርከቧ የብራዞስ ወንዝ አፍ ላይ አራገፈች። ስቲቨን ኮሎራዶ ዳር ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ስልክ የለ፣ "ሎኬሽን ላክልኝ" የለ።

የስፔን ፈቃድም ወዲያው አረጀ፤ ሜክሲኮ በዚያው ዓመት ነጻ ወጣች። ስቲቨን ፈቃዱን ለማሳደስ ሜክሲኮ ከተማ ሄዶ አንድ ዓመት ያህል ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። እግረ መንገዱን ስፓኒሽ ለመደ። ኢሚግሬሽን ደጅ የጠናችሁ ሁሉ ይህን ክፍል አንብቡልኝ። ሰውየውን ትወዱታላችሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ከብት ለሚያረባ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት 4,428 ኤከር ነበር። በድሮው የእኛ አቆጣጠር ወደ 45 ጋሻ ይጠጋል። ለአንድ ቤተሰብ! ስቲቨን ለቀያሹም፣ ለጸሐፊውም፣ ለራሱም ድካም ብሎ በኤከር 12 ሳንቲም ተኩል ሊያስከፍል አሰበ። አሜሪካ ውስጥ ከሚጠየቀው አንድ አሥረኛው ነው። ሰፋሪዎቹ ግን ኡኡ አሉ። መሬቱ ከመንግሥት በነጻ የተሰጠ ነው፣ ይህ ሰው በላያችን ይነግዳል አሉ። የመንግሥቱ ሹም በ1824 ክፍያውን ሰረዘበት። ደብዳቤዎቹን ካያችሁ ከዚህ በኋላ የቅሬታው ብዛት ሌላ ነው። ማኅበር መርታችሁ የምታውቁ ድምፁን ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ደግሞስ በምን ይክፈሉ? ጥሬ ብር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ላም ከነጥጃዋ 10 ዶላር ተብላ ትቆጠር ነበር። ቆዳ፣ በቅሎ፣ ጥጥ እንደ ገንዘብ ይዞራል። አንድ የሂሳብ ወረቀት ላይ ዶላር ተጽፎ ስታዩ ዶላር የነካ እጅ አለ ብላችሁ አትቸኩሉ። ያ ዶላር ሣር ሲግጥ የዋለ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ራሱስ ምን ይመስላል? ንባብ ክፍሉ ስገባ በኪሴ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። የምታስተናግደው ልጅ በትሕትና ተቀብላኝ እርሳስ ሰጠችኝ። ቀለም ክልክል ነው። የእርሳስ ነጋዴውን ወረቀት በእርሳስ ስገለብጥ ዋልኩ። የዚያ ዘመን ደብዳቤ ፖስታ የለውም። ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ፣ ታጥፎ በሰም ይታሸጋል፤ አድራሻው በጀርባው ይጻፋል። ተቀባዩ ሰሙን ሲያላቅቅ ወረቀቱ አብሮ ይቀደዳል። እናም ዛሬ የምታነቡት ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ፣ ልክ ቁም ነገሩ ሲመጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች። ቀለሙም የእኛ አባቶች በብራና ላይ የጻፉበት የጥላሸት ቀለም አይደለም። ከብረትና ኦክ በሚባል ዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭ የተሠራ ነው፤ ሲጻፍ ጥቁር፣ ሲያረጅ ቡናማ። አሲድ ስላለው ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ጀርባውን ማየት ደግሞ አትርሱ። ያኔ የፖስታ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው፤ ዋጋው በእጅ ተጽፎ ይታያል። የንግድ ሰው ከሆነ ደግሞ ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደደረሰ፣ መልስ መስጠቱን እዚያው ይጽፋል። ፊቱ ላይ ያለው የላኪው ነው። ጀርባው የተቀባዩ ነው።

ደብዳቤ ሰውን እስር ቤት ይከታል? የስቲቨን ከቶታል። ጥቅምት 2 ቀን 1833 የሰፋሪዎቹን አቤቱታ ይዞ ከሄደባት ከሜክሲኮ ከተማ ለሳን አንቶኒዮ ሹማምንት ጻፈ። መንግሥት እስኪፈቅድ አትጠብቁ፣ የራሳችሁን ክልላዊ አስተዳደር አደራጁ አላቸው። ተናዶ ነበር። ደብዳቤው ከእጁ ከወጣ በኋላ ሜክሲኮ የጠየቀውን አንዳንዱን ፈቀደች። እኛ ቴሌግራም ላይ እንደምናደርገው አያጠፋው ነገር! ደብዳቤው ዞሮ መንግሥት እጅ ገባ። ጥር 3 ቀን 1834 ሳልቲዮ ላይ ተያዘ። በዋስ የወጣው በዓመቱ መጨረሻ በገና ቀን ነው። ቤቱ የገባው በ1835 ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ሂሳቡን እናንብብ ካልኩ ሙሉውን ነው። በ1825 የሰፈራው ሕዝብ ሲቆጠር ወደ 1,800 ነበር። ከእነዚህ 443ቱ ባሪያዎች ናቸው። ጃሬድ ግሮስ የሚባል አንድ ባለሀብት ብቻውን ዘጠና ያህል ሰው ነድቶ ነው የመጣው። ስቲቨን በ1830 ደብዳቤው ይህ አገር በባርነት ሲጥለቀለቅ ማሰብ ሊያስለቅሰኝ ይደርሳል ብሎ ጽፏል። በግንቦት 1833 ደግሞ ቴክሳስ የባርነት አገር መሆን አለባት፣ ይህ አያጠራጥርም ብሎ ጻፈ። ያው ሰው፣ ያው እጅ። ሐውልቱ አንዱንም አይናገርም።

ሜክሲኮ ባርነትን ትቃወም ነበር። ሰፋሪዎቹ ማምለጫ ያገኙት በውል ነው። ባሪያ አትበለው፣ "ቅጥር" በለው። በ1833 ክላሪሳ የምትባል ጥቁር ልጅ ከጌታዋ ጋር ሹም ፊት ቀረበች። ውሉ ለ99 ዓመት የግል ነጻነቷን ትታለች ይላል። በምላሹ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ሕክምና ታገኛለች። ያውም የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለው ውል ከ10 ዓመት አይለፍ ካለ ገና አንድ ዓመቱ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ቁጥሩን ሁለቴ አየሁት። ዘጠና ዘጠኝ። ወረቀቱ ላይ ስድብ የለም፣ ጅራፍ የለም። ቀን አለው፣ ስም አለው፣ የሁለቱን ወገን ግዴታ ይዘረዝራል። ከመካከላችን ዓረብ አገር ሄደው በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ውል የፈረሙ እህቶች አሉ። ነገሩ አንድ ነው አልልም። ወረቀቱ ፊት ለመቆም ግን እነሱ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ ይህን ውል ስናነብ መጀመሪያ እንዲናገሩ የምፈልገው እነሱን ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። የሰፈራው ዋና ከተማ ሳን ፌሊፔ በመጋቢት 1836፣ ቴክሳስ ከሜክሲኮ ለመገንጠል ስትዋጋ፣ የሜክሲኮው መሪ የሳንታ አና ጦር እንዳይጠቀምባት በራሷ ወታደሮች ተቃጥላለች። የሰፋሪ ቤተሰቦች መዝገብ ግን ተርፎ እዚሁ ኦስቲን፣ በቴክሳስ ጠቅላላ የመሬት ቢሮ ተቀምጧል። የጸሐፊው የሳሙኤል ዊሊያምስ ወረቀትም ጋልቬስተን በሚገኘው ሮዘንበርግ ቤተ መጻሕፍት አለ። ጋልቬስተን ለባሕሩ ብቻ የምትሄዱ፣ አንድ ቀን ጨምሩ።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ሁለት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ ዘንድሮ በየወሩ ከእነዚህ ወረቀቶች አንድ አንድ እናነባለን። ሁለት ሰው ይመደባል፤ አንዱ ደብዳቤውን፣ ሌላው የዚያኑ ሰሞን ሂሳብ ያቀርባል። ይከራከሩ። ሁለተኛ፣ የራሳችንን ወረቀት ስካን እናደርጋለን። የመጀመሪያ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የእቁብ ደብተር፣ የእድር መዋጮ ዝርዝር፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ከነፖስታው። "ይኼማ ምን ያደርጋል" የምትሉትን በተለይ አምጡት።

ለዚህ የምጣደፍበት ምክንያት አለኝ። የዚህ ማኅበር የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ አንድ አባል ጋራዥ ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ነበር። የውሃ ማሞቂያው ፈነዳ። ቃለ ጉባኤው እንጀራ ሆነ። አባሉ እኔ ነኝ። እስከዛሬ ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው። ከጥፋቱ የተረፈው ገንዘብ ያዣችን ቤታቸው ያስቀመጡት የደረሰኝ ጥራዝ ብቻ ነው። ማን መቼ 20 ዶላር እንደከፈለ፣ ማን "በሚቀጥለው ወር" እንዳለ ሁሉም አለ።

ገንዘብ ያዣችን ጥራዙን ይዘውት መጥተዋል። መድረኩ የእርስዎ ነው።