«ይናገራል እኮ፣ ምን ሆነ?»

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ወሬዬ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ስለሚለጠፈው ቁጥር ነው። ሌቭል አንድ፣ ሌቭል ሁለት፣ ሌቭል ሦስት።

ቁጥሩ የመጣው በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ በዲኤስኤም 5 ነው። አንድ ማለት ድጋፍ ያስፈልገዋል ነው። ሁለት፣ ብዙ ድጋፍ። ሦስት፣ እጅግ ብዙ። ልብ በሉ፣ «ድጋፍ አያስፈልገውም» የሚል ቁጥር የለም! እኛ ጋ ግን አንድ ሲባል «ተመስገን፣ ቀላሉ ነው» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል።

ደግሞ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ሁለት ቁጥር ነው። ከሰው ጋር ለመግባባት ለብቻው ይሰጣል፤ አንድን ነገር ለመደጋገም፣ ለውጥን አልቀበል ለማለትና ለመሳሰለው ለብቻው። እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ከፍ ዝቅ እንደሚልም መመሪያው ራሱ ይናገራል።

የእህቴን ልጅ ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ ከወያላው ቀድሞ «ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት፣ ጀሞ!» ይላል። ሰው ይስቃል፣ «ጎበዝ!» ይለዋል። ይኼ ጎበዝ ጥርሱን ሲያመው ግን አልተናገረም። ጉንጩን በጥፊ ሲመታ ሰነበተ። በአንድ ጎን ብቻ እንደሚያኝክ ያየችው እናቱ ናት።

ጎረቤታችን ያለች ልጅ ደግሞ አንድም ቃል የላትም። ሲያማት የእናቷን መዳፍ ይዛ የሚያማት ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለች። በቃ፣ ገባን። ለብቻዋ ግን አትተውም፣ በር ተከፍቶ ካገኘች መኪና አይታያትም። ታዲያ ከሁለቱ «ቀላሉ» የቱ ነው?

እሱን አንድ ትምህርት ቤት «ይናገራል፣ ያነባል፣ ረዳት ምን ያደርግለታል?» አለው። እሷን ሌላው «ካልተናገረች ምን እናስተምራታለን?» ብሎ መለሳት። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ ይኼ ቁጥር ገና አልነበረም። ያኔም ልጅ ይታገዝ ነበር።

ቁጥሩ ይቅር እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ኢንሹራንሱም ሌላውም ሲጠይቃቸው ያስፈልጋቸዋል። እኔ ግን እናት የልጇን ሌቭል ስትነግረኝ «በምን በምን ታግዢዋለሽ?» ብዬ ነው የምጠይቃት። ያኔ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ገላ መታጠቡ፣ አስፋልት መሻገሩ፣ የሌሊት እንቅልፉ።

እህቴ ዘንድሮ ለአዲሱ መምህር አንድ ወረቀት ጻፈች። «ሲያመው ራሱን ይመታል፣ አፉን እዩለት። ደወሉ ከመደወሉ በፊት ንገሩት። በሁለት ነገር አታጣድፉት፣ አንድ በአንድ።» ሌቭሉን አልጻፈችም። መምህሩም አልጠየቃትም። «ደወሉን ስንት ደቂቃ ቀድሜ ልንገረው?» ነው ያላት።