ግብሩን አረሰው

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ?

ከአንድ ስህተት ልጀምር። የራሴው ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የታሪክ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም፣ አንድ ሹም የአውራጃውን ግብር «ፋርም አደረገ» የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ። መሽቷል፣ ዓይኔም ደክሟል። ፋርም እርሻ ነው፤ ይሄ ምን ያጠያይቃል? «ሹሙ የአውራጃውን ግብር አረሰው» ብዬ ጽፌ ተኛሁ።

አራሚው ጽሑፉን ሲመልስልኝ፣ ከዐረፍተ ነገሩ አጠገብ በቀይ «በስንት ጥማድ በሬ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት።

ቃሉን ማሳደድ የጀመርኩት ያኔ ነው። የእኛ «እርሻ» ከማረስ ነው የወጣው። ሞፈሩም ማረሻውም እዚያው ቃሉ ውስጥ አሉ። ፋርም ውስጥ ግን ማረሻ የለም። ያለው ገንዘብ ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን ከፈረንሳይኛ ወሰደ፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከላቲን። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ፊርማ» ማለት ቁርጥ ክፍያ ነበር። ዝናቡ ጣለም አልጣለም፣ ሰብሉ ያዘም አልያዘም፣ ንቅንቅ የማይል ክፍያ። ሥሩም «ጽኑ» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፋርም የሚባለው ኪራዩ ነበር። ቀጥሎ የተከራዩት መሬት ፋርም ተባለ። የሚታረስ መሬት ሁሉ ፋርም መባል የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፋርመርም እንደዚሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፋርመር መጣ ከተባለ፣ የመጣው ግብር ሰብሳቢ ነው።

እንግሊዞች ግን ከዚያም በፊት «ፌዎርም» የሚል ቃል ነበራቸው። ቀለብ፣ ስንቅ፣ ድግስ ማለት ነው። ይሄኛውም ከላቲኑ የመጣ ነው ወይስ የራሳቸው ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። ፌዎርም ሕዝቡ ለንጉሡ የሚያቀርበው ቀለብ ነበር። ንጉሡ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከነአጃቢው እየዞረ ይበላል።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነገሠው የዌሴክስ ንጉሥ አይኒ ሕግ ውስጥ ዝርዝሩ አለ። 10 ቤተሰብ ከሚያኖር መሬት የሚቀርበውን ስሙ፦ 10 ጋን ማር፣ 300 ዳቦ፣ 42 መስፈሪያ ጠላ (ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም)፣ 2 ከብት ወይም 10 ሙክት፣ 10 ዝይ፣ 20 ዶሮ፣ 10 አይብ፣ አንድ ሙሉ መስፈሪያ ቅቤ። በዚያ ላይ 5 ሳልሞን፣ እንዲሁም እባብ የሚመስለው ዓሣ 100። ቆጥሮ ለተረከበው ሰው አዘንኩለት። በ1086 በተጠናቀረው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ ደግሞ «የአንድ ሌሊት ፋርም» የሚል ግብር አለ። የንጉሡን ቤተሰዎች አንድ ሌሊት የሚያሳድር ማለት ነው።

ይህን ዝርዝር ሳነብ ሳቄ መጣ። ይህማ ግብር ነው! በእኛም ቋንቋ እኮ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር ነው፤ በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚበላውም ግብር ነው። «ንጉሡ ግብር አበሉ» ሲባል፣ ታክስ እንዴት ይበላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገበታው ላይ ያለው ሙክት ከየት እንደመጣ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ከገባሩ ነው። ገባርና ገበሬ ደግሞ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም፤ ግብርን ጨምሮ ሁሉም የቆሙት በገ-በ-ረ ላይ ነው። በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ ማለት ነው። ሠሪውም፣ ከፋዩም፣ ድግሱም ከአንድ ሥር በቀሉ። የ1957 ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ «መሬት ለገባሩ» አላሉም። «ላራሹ» ነው ያሉት። እኔ ይህ የቃል ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ወደ ሰብሳቢዎቹ ልመለስ። በፈረንሳይ የንጉሡን ግብር የመሰብሰብ መብት በኮንትራት የሚገዛ ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ሰው ለንጉሡ ቁርጡን ይከፍላል፤ ትርፉ የራሱ ነው። የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት የሚባለው ላቮዋዚዬ ከነዚህ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1794 ከ27 ባልደረቦቹ ጋር አንገቱ በጊሎቲን ተቀላ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ታክስ ፋርመር» ይሉታል። ምስኪን ገበሬ ለምን ይገደላል ብሎ ያለቀሰ ተርጓሚ ቢኖር አልፈርድበትም።

ላቲኑን ስጠራው «ፊርማ» ስል ፈገግ ያላችሁ ነበራችሁ። አልተሳሳታችሁም። እኛ ወረቀት ላይ የምናኖረው ፊርማ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጣልያንኛውም ከዚያው ከላቲኑ። ቃልን የሚያጸና ምልክት ነውና። ፋርምና ፊርማ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው።

ያንን ዐረፍተ ነገር «ግብሩን በኮንትራት ያዘ» ብዬ አስተካከልኩት። ክፍያዬን ልቀበል ስሄድ ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋ ፊርማ» አለኝ። «ይሄ ቃል እኮ ከእርሻ ጋር ዘመድ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ከኋላዎ ሰልፍ አለ» አለኝ።