የጋሪሰንዳ ግንብ ሕመም ከእግሩ ነው፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ለዘንድሮው ውይይታችን መነሻ ያደረግነው በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ የሚገኘውን የጋሪሰንዳ ግንብ ነው። የጋሪሰንዲ ቤተሰብ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው ሲሆን፣ 97 ሜትር ከሚረዝመው የአሲኔሊዎች ግንብ አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ ያለው አፈር ቀድሞ ስለሰጠመ ዘመመ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይወድቃል ተብሎ ስለተፈራ ጫፉን አፈረሱት። ዛሬ 48 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የዘመመውም 4 ዲግሪ ያህል ነው።

ጎብኚው የሚያየው ጫፉን ነው፤ ባለሙያ ግን እግሩን ማየት አለበት። የግርጌው ግድግዳ ሴሌናይት በሚባል የጄሶ ድንጋይ ተለብጧል፤ ውስጡ በጠጠር፣ በስባሪ ድንጋይና በኖራ ተሞልቷል። የጄሶ ድንጋይ ለመጥረብ ይመቻል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህሉን ያሟሟዋል፤ እሳት ካገኘው ደግሞ በውስጡ የያዘውን ውሃ አጥቶ ይፈረካከሳል። ልባጡ ሲደክም ሸክሙ ወደ ሙሌቱ ይዞራል፤ ሙሌቱ ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ግንቡ ባዘነበለበት በኩል ጫናው ይበረታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በግንቡ ላይ የተተከሉ መለኪያዎች አሳሳቢ ለውጥ ስላሳዩ ዙሪያው ለሕዝብ ተዘጋ። ለድጋፍም የፒዛ ግንብ ሲጠገን ያገለገሉት የብረት ማማዎች ተመረጡ።

እንዲህ ያለ ባዶ የበዛበት ሙሌት የሚጠናከረው ቀጭን የኖራ ውህድ ወደ ውስጡ በማስገባት ነው። መጀመሪያ የድንጋዩ መጋጠሚያዎች ይደፈናሉ፤ ካልተደፈኑ ውህዱ በስንጥቁ ፈስሶ ያልቃል። ከዚያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተው ከታች ወደ ላይ፣ በዝቅተኛ ግፊት ይሞላል። ግፊቱ ከበዛ ልባጡን ከሙሌቱ ገፍቶ ያላቅቀዋል። ሌላ ግድግዳ ላይ ቀዳዳውን አስቀድሞ በውሃ ማጠብ የተለመደ ነው፤ ጄሶ ላይ ግን ጉዳት ነው።

አደራ የምላችሁ ስለ ሲሚንቶ ነው። ተራ ሲሚንቶ እርጥበት ባለበት ከጄሶው ሰልፌት ጋር ሲገናኝ የሚያብጥ ማዕድን ይፈጥራል፤ እብጠቱም ያጠናከርነውን ግድግዳ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ የሚታየው ጠጋኙ ሥራውን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም ውህድ ከመመረጡ በፊት የድንጋዩና የሙሌቱ ናሙና በላቦራቶሪ ይመርመር።

የጠዋቱ ውይይት በናሙና አወሳሰድ ይጀምራል። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።