ባትሪው የማን ነው?

ክቡራን እንግዶች፣ መምህሮቼ፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ጥሩ ንግግር አዘጋጅ ተብዬ አዘጋጅቼ ነበር። ጠዋት ወርክሾፑን ሳየው ግማሹን ቀደድኩት። እኔ እዚህ ስማር ውስጧ እንዲታይ ለሁለት የተሰነጠቀችው የቶዮታ ሞተር አሁንም መቆሚያዋ ላይ አለች። አንጋፋዎቹ ታውቋታላችሁ። ፒስተኗን በእጃችን እያዞርን ነው የተማርነው። ባለውለታዬ ናት። ግን እኮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከታገደ፣ ከ2016 ጀምሮ ነው! የኤሌክትሪኩ ባትሪ ታዲያ የት አለ?

በቀደም አንዲት ኤሌክትሪክ መኪና ጋራዤ በር ላይ በገመድ ተጎትታ መጣች። በገመድ! ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ በርቷል፣ ጽሑፉ ቻይንኛ። ስልኬን ደቅኜ ሳስተረጉመው «አምራቹን ያነጋግሩ» ይላል። የት ሄጄ ላነጋግር? የሸጠላቸው ድርጅት ጋ ደወልን፤ ዕቃው በመርከብ እየመጣ ነው አሉ። አራት ወር! ጎረቤቶቼ ጣሪያዋ ላይ ልብስ ማስጣት ጀመሩ። በመጨረሻ ራሴ ከፈትኳት። የተበላሸችው ጡጫ የምታክል ኮንታክተር፣ የባትሪውን ኃይል የምታገናኝና የምታቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። አባባ አገላብጠው አይተዋት፣ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለዚህች ነው?» አሉኝ። አፈርኩ።

መንግሥት ምንም አልሠራም አልልም። ተበትኖ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉው 15 በመቶ ብሏል። ደግ። ግን ብሎን ማጥበቅ ሌላ፣ ባትሪ መሥራት ሌላ።

ቻይና የኤሌክትሪክ መኪናን በ2009 እ.ኤ.አ. በተመረጡ ከተሞች በአውቶቡስና በታክሲ ጀመረች። በ2015 ደግሞ የባትሪ ፋብሪካዎች ዝርዝር አወጣች። ባትሪው ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ፋብሪካ ካልሆነ ለመኪናው ድጎማ የለም። የኮሪያዎቹ ኤልጂና ሳምሰንግ እዚያው ቻይና ውስጥ ፋብሪካ ነበራቸው፤ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ቀሩ። ዝርዝሩ በ2019 ሲነሳ የዓለም ትልቁ የባትሪ አምራች የቻይናው ሲኤቲኤል ሆኖ ነበር። ፍትሐዊ ነው? አይደለም። ግን መንግሥቷ ከመኪናው በፊት ባትሪው የማን ነው ብሎ ጠየቀ።

ነፃ ገበያ እያሉ ሲመክሩን የኖሩትስ? አሜሪካ በ2024 በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጫነች። አውሮፓ በነበረው ላይ እስከ 35.3 በመቶ ጨመረች። መሳቅ ይፈቀዳል።

እና እኛ? የነዳጅ መኪናን በአንድ ቃል ማገድ ከቻልን፣ ቀረጥ የቀነስንለትን አስመጪ «በየመቶው መኪና አንድ ባትሪ ለኮሌጅ ስጥ» ማለት ምን ይከብዳል? ይሄ ልመና አይደለም! የተውንለት ቀረጥ የእነዚህ ልጆች ነው!

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለአሜሪካ ገበያ ሶላር ሴል፣ የፀሐይ ብርሃንን ኤሌክትሪክ የሚያደርገው፣ መመረት ጀምሯል፣ እሰየው። ማሽኑን የሚጠግነው የእኛ ልጅ ካልሆነ ግን፣ የአሜሪካ ቀረጥ በተቀየረ ማግስት ባለፋብሪካዎቹ ነቅለው ይሄዳሉ።

ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የጻፍኩትን ልዝለለው፤ ፀሐዩ በርትቶባችኋል።

በር ላይ የቆመው አይሱዙ የኔ ነው። ከተጋጨች መኪና ያወረድኩት ባትሪ ጭኖበታል። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ግቢ ነው። ለማውረድ አሥር ጎበዝ ያስፈልገኛል። የባትሪውን ኃይል ማቋረጫ ነቅዬ ኪሴ ይዤዋለሁ፤ ለወርክሾፑ ኃላፊ በእጃቸው አስረክባለሁ። እስከዚያ ብርቱካናማውን፣ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመውን ገመድ ማንም እንዳይነካ።