የሰርግ ካሴቶቹ ወደ ዲስክ ሲገቡ

(ለገጣፎ፣ ከጋሽ ከበደ የቪዲዮ ሥራ ክፍል የተቀዳ ውይይት)

ሄለን፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ዛሬ ያለነው ለገጣፎ፣ ጋሽ ከበደ ለብዙ ዓመታት የሰርግ ፊልም ሲያዘጋጁባት በኖሩባት ክፍል ውስጥ ነው። የምትሰሙት ድምፅ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ጋሼ፣ ከጀርባችን ያለው ኮምፒውተር አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ ይንገሯቸው እስኪ።

ጋሽ ከበደ፦ እየጻፈ ነው። ልንጀምር ስንል ነው ዲስኩን ያስገባሁለት። አንድ ሙሉ የሰርግ ካሴት ብሉ ሬይ በሚባል፣ ዲቪዲ በሚመስል ግን ብዙ በሚይዝ ዲስክ ላይ እየወረደ ነው። ያቺ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ታዩአታላችሁ፤ ይቅርታ፣ አድማጮች አታዩአትም። እኔ ግን ዓይኔን ከእርሷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

ሄለን፦ ብዙ ሰው ዛሬ ዲስክ ማን ይጠቀማል ይላል። አዳዲሶቹ የኮምፒውተር ኬዞች ላይ የዲስክ ማጫወቻ የሚገባበት ቦታ እንኳ እየጠፋ ነው። ለምን እዚህ እንደደረሱ ይንገሩን።

ጋሽ ከበደ፦ ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከመጠን በላይ ሆኖ መጣ። ትልቁ ሃርድ ዲስኬ ሶኬት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ጠቅ አለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁም ጠፋ። አርባ የሚሆኑ ሰርጎች ነበሩበት። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ሦስት ሳምንት አቆይተው፣ ከፍተውም አበላሽተው መለሱልኝ። ደግነቱ ካሴቶቹን አልጣልኳቸውም ነበር። በጥቅምት ላይ አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። ሰርጓን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። እናቷ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። «ጋሽ ከበደ፣ እናቴ ስትመርቀኝ ያለውን ፈልጉልኝ፤ ድምፅዋ ሌላ ቦታ የለኝም» አለችኝ።

ሄለን፦ ካሴቱ ነበረ?

ጋሽ ከበደ፦ ነበረ። ሚኒ ዲቪ የሚባለው ትንሹ የቪዲዮ ካሴት ነው፤ ከሳጥኑ ሳወጣው ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ወደ ማጫወቻው ያስገባሁት። ሁለት ቦታ ላይ ምስሉ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተበጣጠሰ። ድምፁ ግን ሙሉ ነው። «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘራችሁ ይብዛ» ሲሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ያን ቀን ነው ለአንቺ የደወልኩት።

ሄለን፦ እኔም ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ሃርድ ዲስክ መግዛት ነበር። እርስዎ ግን «እሱም መብራት ላይ ይሰካል አይደል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ሥራው ካለቀ በኋላ ከመብራቱ ጋር ጉዳይ የለውም። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቫይረስ አይሰርዘውም፣ ልጅ ተሳስቶ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። በኢንተርኔት እንዳናስቀምጠው ደግሞ አንድ ሰዓት የሚኒ ዲቪ ካሴት ሳይነካ፣ ሳይጨመቅ ሲገለበጥ 13 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ከዚህ አካባቢ በሞባይል ዳታ ያን ሁሉ ወደ ላይ መላክ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል።

ጋሽ ከበደ፦ ድሮ ለደንበኛ የምሰጠው በዲቪዲ ነበር። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነው። አሁን ሲገባኝ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ጨምቄ፣ ከምስሉ ብዙውን ጥዬ ነበር የምሰጠው።

ሄለን፦ ሳይጨመቅ ቢሆን ዲቪዲ ላይ ሃያ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚገባው። ብሉ ሬይ አንድ ንብርብር ያለው 25 ጊጋባይት፣ ሁለት ንብርብር ያለው 50፣ ቢዲኤክስኤል የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ደግሞ 100 ጊጋባይት ይይዛል። አራት ንብርብር ያለው 128 ይደርሳል። ሁሉም ያው 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ዲስኮች ናቸው።

ጋሽ ከበደ፦ ይህ ነው ያስገረመኝ። መጠኑ ያው፣ የሚይዘው ሌላ።

ሄለን፦ ብራና የሚጽፉ ሰዎችን አይተው ያውቃሉ አይደል ጋሼ? ብራናው አንድ ሆኖ የመቃ ብዕሩ ጫፍ ከቀጠነ በአንድ ገጽ ላይ ስንት መስመር ይጨመራል። ዲስክም እንደዚያው ነው። የሲዲ ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር ነው፣ የዲቪዲው 650፣ የብሉ ሬይ 405። ሞገዱ ሲያጥር የሚጽፈው ነጥብ ይቀጥናል፣ መስመሮቹም ይጠጋጋሉ። ታዲያ የራሱ ጉዳት አለው፤ ጽሑፉ ያለው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። በዲቪዲ ላይ 0.6 ሚሊሜትር ነበር። ስለዚህ ብሉ ሬይን ከጠርዙና ከመሃል ቀዳዳው ብቻ ይያዙ፤ በበጋ የዚህ አካባቢ አቧራ ሲነሳ ደግሞ መሳቢያውን ከፍቶ መተው አይገባም።

ጋሽ ከበደ፦ አሁን ስለ ግዢው ልናገር። ከአድማጮች አንድም ሰው እንደኔ ገንዘቡን እንዳያባክን እፈልጋለሁ። መርካቶ ሄድኩ። ሳጥኑ ላይ ብሉ ሬይ ይላል፣ ከፈልኩ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ይዤው መጣሁ። ሄለን መጥታ አየችውና ዝም አለች።

ሄለን፦ ብሉ ሬይ የሚያነብ፣ ዲቪዲ የሚጽፍ ነበር። ብሉ ሬይ መጻፍ አይችልም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ብዙ አለ፤ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። ሳጥኑ ላይ ብሉ ሬይ የሚጽፍበት ፍጥነት ለብቻው ተጽፎ ካላያችሁ አትክፈሉ። ባለ 100 ዲስክ ለመጠቀም የምታስቡ ደግሞ የቢዲኤክስኤል ምልክት መኖሩን ተመልከቱ። በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ቦታም ሳትለኩ አትውጡ፤ 146 ሚሊሜትር ስፋት፣ 41 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቦታ ከፊት መኖር አለበት።

ጋሽ ከበደ፦ የኔ ኬዝ አሮጌ ስለሆነ ሁለት ቦታ አለው። አሮጌ ነው ብዬ ልጥለው ነበር።

ሄለን፦ እንኳን አልጣሉት። የትክክለኛውን መጻፊያ አገጣጠም እርስዎ ይንገሩ፤ እኔ ቆሜ ነው ያየሁት።

ጋሽ ከበደ፦ መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ፤ ከዚያም ማብሪያውን ተጫንኩ፣ የቀረ ኃይል ካለ እንዲወጣ። ቀለም ያልነካውን የኬዙን ብረት በእጄ ነካሁ። በጋ ላይ ሹራብ ለብሰሽ ስትነኪ የምትንቀጠቀጭበት ያ ብልጭታ ማዘርቦርድ የሚባለው ዋናው ሰሌዳ ላይ ቢያርፍ ጉዳት ነው ብለሽኛል። ከዚያ የጎኑን ክዳን ከፈትኩ፣ ከፊት ያለውን ፕላስቲክ ከውስጥ ገፍቼ አወጣሁት። ከኋላው ቀጭን ቆርቆሮ አለ፤ ወዲያና ወዲህ ሳጥፈው ተቆረጠ። ዕቃውን ከፊት በኩል አስገባሁት። ቀጥሎ ብሎን ፈለግሁ፤ ሣጥኔ ውስጥ የሃርድ ዲስክ ብሎን ነበረኝና ካቻቪቴውን አንስቼ ማጥበቅ ጀመርኩ።

ሄለን፦ ጮኼ ያስቆምኩዎት እዚያ ላይ ነው። የሃርድ ዲስክ ብሎን ጥርሱ ሰፊ ነው። የዲስክ ማጫወቻ የሚወስደው ኤም 3 የሚባለውን ቀጭን ጥርስ ያለውን ነው። በግድ ሲጠብቅ ገብቶ ይመስላል፣ ግን የዕቃውን ጥርስ ይበላዋል። በእጅ ጥቂት ዙር ሲዞር ካልገባ ብሎኑ የዚያ ዕቃ አይደለም ማለት ነው። አራቱንም እስከ መጨረሻ ሳታጠብቁ መሳቢያውን ከፍታችሁ አስወጡት፤ ፊቱ ከኬዙ ጋር ከተስተካከለ በኋላ አጥብቁ።

ጋሽ ከበደ፦ ገመዶቹ ሁለት ናቸው። ቀጭኑ የመረጃው የሳታ ገመድ ነው፣ ሰፊው የኃይል። ሁለቱም ኤል ቅርጽ ስላላቸው ተገልብጠው አይገቡም።

ሄለን፦ ፓወር ሰፕላያችሁ አሮጌ ሆኖ የሳታ ኃይል ገመድ ቢያጥረው፣ ከትልቁ ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ የሚቀይር ገመድ ይሸጣል። እዚህ ላይ ልመና አለኝ። ጭንቅላቱ በአንድ ወጥ ፕላስቲክ ተቀልጦ የተሠራውን አትግዙ። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች እየተጠጋጉ ተነካክተው የተቃጠለባቸው ሰዎች አሉ። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ከኋላ ሲገቡ የሚታዩበትን ውሰዱ። በዋጋ የሚለያዩት በጥቂት ብር ነው።

ጋሽ ከበደ፦ ሁሉን ሰክተን አበራነው። መሳቢያው ይከፈታል፣ መብራቱ ይበራል፣ ዊንዶውስ ግን ዕቃው የለም ይላል።

ሄለን፦ አንድ ሰዓት ፈጅቶብናል። ገመድ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር፣ ባዮስ ውስጥ ገባሁ፣ እዚያም የለም። በመጨረሻ የማዘርቦርዱን መመሪያ አውጥቼ አነበብኩ። ባለፈው ዓመት የገጠምንላቸው ያ ማስቲካ የሚመስለው ኤም 2 ማከማቻ ከአንደኛው የሳታ መሰኪያ ጋር መስመር ይጋራል። እርሱ ሲሠራ መሰኪያው ይዘጋል። እኛ የሰካነው እዚያው ላይ ነበር! ገመዱን ወደ ሌላው መሰኪያ ሳዞረው ወዲያውኑ ታየ።

ጋሽ ከበደ፦ እኔ ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ጫማዬን አድርጌ ነበር።

ሄለን፦ አሁን ወደ ዲስኩ ልምጣ። ባለ 100 ዲስክ ላይ ሰባት ካሴት ይገባል። ባለ 25 ላይ ግን አንድ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሁለት ሙሉ ሰዓት ለጥቂት ያልፈዋል። እኔ ግን ለዚህ ቤት ባለ 25ቱን መርጫለሁ። በአራት እጥፍ ፍጥነት በሰከንድ 18 ሜጋባይት ነው የሚጻፈው። መቶውን ለመሙላት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። በዚያ መሃል መብራት ከሄደ ዲስኩ ከነጽሑፉ ከንቱ ይሆናል። አንድ ካሴት ግን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይጻፋል። የጋሽ ከበደ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ሃያ ደቂቃ ይይዛል።

ጋሽ ከበደ፦ ሲጽፍ መብራት ቢሄድም ይጨርሰዋል ማለት ነው። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሄለን፦ ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ኤል ቲ ኤች የሚል ካለ ተዉት፤ የሚጻፍበት ንብርብር ቀለም ስለሆነ ብርሃንና ሙቀት ይጎዳዋል። ሌላው የብሉ ሬይ ዓይነት ማዕድን መሰል ንብርብር አለው፤ ለረጅም ጊዜ የሚመረጠው እርሱ ነው። ኤም ዲስክ የሚባለውን አምራቾቹ ሺህ ዓመት ይቆያል ይላሉ። ሺህ ዓመት ኖሮ ያረጋገጠ ስለሌለ እኔ በዚያ ቃል አልገባም። በየዓመቱ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ይነበብ እንደሆነ እዩት።

ጋሽ ከበደ፦ ሶኒ የሚጻፍበት ብሉ ሬይ ማምረት አቁሟል ብለሽኝ ነበር።

ሄለን፦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አቆመ። የሚኒ ዲቪ ካሴቱንም በዚያው ወር ነው ያቆመው። ሌሎች አምራቾች አሉ፤ ቢሆንም ይህን ሥራ ዛሬ ነገ እያላችሁ አታሳድሩት። ካሴቱን የሚያጫውተው ካሜራም እያረጀ ነው፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰዓት መጫወት አለበት፣ ማፍጠኛ የለውም።

ጋሽ ከበደ፦ ቆይ፣ ቆይ... መብራቷ ቆመች።

ሄለን፦ ጽፎ ጨርሷል። አሁን የጻፈውን መልሶ እያነበበ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ይህን ሳያደርግ ዲስኩን እንዳያወጡት። አሁን መሳቢያው ሲወጣ... ይኸው፣ «ማረጋገጡ ተሳክቷል» ይላል።

ጋሽ ከበደ፦ ተመስገን። ስክሪፕቶ አይደለም አይደል የምጠቀመው?

ሄለን፦ አይደለም፤ ጫፉ ለስላሳ የሆነውን ማርከር። የሚጻፍበት ከላይ፣ ለጽሑፍ በተሠራው ፊት ላይ ብቻ ነው። ከታች በኩል አይንኩት።

ጋሽ ከበደ፦ ስሟንና የሰርጉን ቀን ጻፍኩ። ሁለተኛውን ኮፒ አሁኑኑ ልጀምር፤ እርሱ እዚህ አይቀመጥም፣ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እህቴ ጋር ይሄዳል። ይህኛውን ግን ነገ ጠዋት ራሴ እወስድላታለሁ።