«መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይግዙ»፦ የቤት ኔትወርክን ስለ ማፍጠን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከሐዋሳ የደወሉ አድማጮች ስለ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ። እንግዳችን በከተማዋ ኮምፒውተር በመጠገንና ኔትወርክ በመዘርጋት የሚተዳደሩ ባለሙያ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። መልሶቹን ግን ከነቁጣቸው እንዳሉ ትተናቸዋል።

ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የደወሉ አባት፦ የ20 ሜጋ ኢንተርኔት ነው በየወሩ የምከፍለው። ልጄ ፋይል ሲያወርድ ግን ኮምፒውተሩ 2 ነጥብ 3 ሜጋ ብቻ ያሳያል። ቀሪው የት ገባ?

መልስ፦ የትም አልገባም ጋሼ፣ ሙሉውን እያገኙ ነው። ይህ ጥያቄ ሱቄ ውስጥ ከ«እንደምን አደርክ» ቀጥሎ የምሰማው ነው። አገልግሎት ሰጪው የሚሸጥልዎት በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 20ን ለ8 ሲያካፍሉት 2 ነጥብ 5 ይመጣል። ጥቂቱ ደግሞ መረጃው አድራሻውን ይዞ ለሚጓዝበት ሥራ ይውላል። ልጅዎ አዲስ ራውተር ይገዛልኝ ብሎ ከሆነ አይስሙት፤ ራውተሩ ቢቀየርም 20ው ያው 20 ነው።

ሁልጊዜ የምለውን አሁንም ልበል፦ መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይግዙ። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፣ የቤተሰቡን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋዩ ያስወጡ፣ ከዚያ የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ይክፈቱ። በገመድ የከፈሉበት ፍጥነት ከመጣ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ችግር ካለም ያለው እቤትዎ ውስጥ ነው። በገመድም ካልመጣ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉ። እኔ ጋ መጥተው ገንዘብ አያባክኑ።

ከሐይቅ ዳር የደወሉ እናት፦ ራውተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው ያለው። መኝታ ቤት ስንገባ ዋይፋዩ ይጠፋል። የዋይፋይ ማራዘሚያ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አልገዙም አይደል? ተመስገን። ራውተሩ ምን በድሎ ነው ከቴሌቪዥን ጀርባ የታሰረው? የቴሌቪዥኑ ጀርባ ብረት ነው፣ ከዚያ የብሎኬት ግድግዳ አለ፣ ፌሮ ያለበት የኮንክሪት ዓምድ አለ፣ ምናልባትም ትልቅ መስታወት ያለው ቁም ሣጥን አለ። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው፤ ብረትና መልክ ማያ መስታወት ይመልሱታል፣ ኮንክሪት ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ራውተሩን ያውጡት። ከተቻለ ወደ ኮሪደሩ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ ስልክዎን ይዘው መኝታ ቤት ገብተው እንደገና ይለኩ።

ራውተርዎ ሁለት ስም የሚያሳይ ከሆነ አንደኛው 2 ነጥብ 4 ጊጋኸርትዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርትዝ ነው። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን አቅም ያንሰዋል። 2 ነጥብ 4ቱ ርቆ ይሄዳል፣ ግን የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ የሚጋፋበት መንገድ ነው። እዚያ ላይ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ውጭ ያለ ቻናል፣ ማለትም የሬዲዮ መስመር፣ አይምረጡ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሳሎን 5ቱን፣ መኝታ ቤት 2 ነጥብ 4ቱን ይጠቀሙ።

ማራዘሚያውን በተመለከተ፣ ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ሰምተው በዚያው ሬዲዮ መልሰው ስለሚናገሩ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበሉታል። የሚሻለው በቤቱ ውስጥ ገመድ ወደ መኝታ ቤት ማስገባትና ጫፉ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ መትከል ነው። አሮጌ ራውተር ካለዎት አይጣሉት፤ አድራሻ የማደል ሥራው ከጠፋና የራሱ አድራሻ ከዋናው ከተለየ እሱኑ መጠቀም ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ያሠሩት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በጽሑፍ መልእክት የደረሰ፦ አንቴናው የበዛ ራውተር ይፈጥናል?

መልስ፦ የአንቴና ብዛት አይቶ ራውተር የሚገዛ ሰው በጉልቻው ብዛት ወጥ እንደሚመርጥ ነው። ካርቶኑ ላይ የዋይፋዩን ትውልድ (ዋይፋይ 5፣ ዋይፋይ 6 የሚለውን) እና ገመድ የሚሰካባቸውን ወደቦች ፍጥነት ያንብቡ።

ሌላ መልእክት፦ ሌሊት ራውተሩን ማጥፋት ፍጥነት ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። መሥራት ያቆመን ራውተር አጥፍቶ ማብራት ይረዳዋል፣ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የደወለ ተማሪ፦ «ካት 6» የተባለ የኔትወርክ ገመድ በርካሽ ገዝቼ ጫፉን ራሴ ሠራሁት። ራውተሩም ላፕቶፑም የጊጋቢት፣ ማለትም የ1000 ሜጋቢት፣ ናቸው፤ ግንኙነቱ ግን ከ100 ሜጋቢት አላልፍ አለኝ።

መልስ፦ ራስህ መሥራትህ ደስ ይላል ልጄ። 100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ሽቦ ይበቃዋል፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴው። ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ሰማያዊው ወይም ቡናማው በመሰኪያው ውስጥ ሳይነካ ቀርቶ ከሆነ መሣሪያዎቹ ተስማምተው ወደ 100 ይወርዳሉ፤ አይነግሩህም፣ ዝም ብለው ይሠራሉ። መሰኪያውን ቁረጥና እንደገና ሥራው። ቅደም ተከተሉን በቃልህ ያዝ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱንም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርግ። ስምንቱም ሽቦ የመሰኪያውን ግንባር መንካቱን ብርሃን ላይ አይተህ ነው የምትቆነጥጠው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ገመዱ ላይ ነው። የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ብርማ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሸጠውልሃል፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ሲረዝም ይደክማል። «ካት 6» የሚለው ጽሑፍ የተጻፈው በቀለም ነው፤ ቀለም ርካሽ ነው። ለቤት ሥራ ከካት 6 አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው እውነተኛ የመዳብ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ያደርስልሃል።

ከፒያሳ የደወሉ ፎቶ ቤት ያላቸው አድማጭ፦ እቤቴ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉኝ። የሰርግና የፊቼ ጨምበላላ ቪዲዮ ከአንዱ ወደ ሌላው በዋይፋይ ለመላክ ስሞክር ሌሊቱ ይነጋል። የኢንተርኔት ፓኬጄን ላሳድግ?

መልስ፦ አያሳድጉ! ፋይሉ እኮ ከቤትዎ አይወጣም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለሚሄድ ነገር ለኢንተርኔት ምን ያስከፍልዎታል? 100 ጊጋባይት ቪዲዮ በ100 ሜጋቢት መስመር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በጊጋቢት 14 ወይም 15 ደቂቃ ገደማ ነው። የሚያስፈልግዎት አንድ የጊጋቢት ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሣጥን፣ እና ሁለት ጥሩ ገመድ ብቻ ነው። ስዊቹን ሲገዙ «10/100» የሚል ከሆነ ይመልሱት፤ «10/100/1000» የሚለውን ይያዙ። በገመድም ካልፈጠነ ሃርድ ዲስኩን ይጠርጥሩ፤ የሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክ ራሱ ጊጋቢትን መከተል ሊያቅተው ይችላል። እንግዲህ የምለውን ያውቁታል፣ መጀመሪያ ይለኩ።

ከአቶቴ የደወሉ አከራይ፦ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። ለተከራዮች ኢንተርኔት ለማድረስ የኔትወርክ ገመዱን ከመብራቱ ሽቦ ጋር አስሬ በቆርቆሮው ላይ አሳለፍኩት። አጥር ተሻግሮ ለጎረቤትም ደርሷል። ይሠራል፣ ዝናብ ሲጥል ግን ይቆራረጣል። ምን ዓይነት ገመድ ይሻለኛል?

መልስ፦ እግዚኦ! ጋዜጠኛዋ ሰዓት እያሳየችኝ ነው፣ ይህን ሳልጨርስ ግን አልነሳም። ምንም ዓይነት ገመድ አይሻልዎትም። ያ ገመድ መነሳት አለበት፤ የሚያነሳው ደግሞ እርስዎ አይደሉም።

ከምሰሶው የሚመጣው የመብራት ሽቦ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ልባሱ ይሰነጠቃል። ነፋስ ሲነሳ ሁለቱ ገመዶች ይፋተጋሉ። ለቤት ውስጥ የተሠራ የኔትወርክ ገመድ ልባሱ ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል። ያ ልባስ የተበላ ዕለት 220 ቮልት ወደ ኔትወርክ ገመዱ ይገባል። ጫፉ ላይ ማን አለ? ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ተከራይዎ። መሐል ላይ ደግሞ ቆርቆሮው አለ። የቆርቆሮ ጠርዝ ገመድ ይቆርጣል፤ ከዚያ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የሚያፈስ ጣሪያ ሊደፍን በመሰላል የሚወጣውን ሰው ያስቡት፤ የልብስ ማስጫ ሽቦዎ ከዚያው ጣሪያ ጋር ታስሮ እንደሆነም ይዩ። ዝናብ ሲጥል ይቆራረጣል ያሉኝ ነገር ውኃ ገመዱ ውስጥ መግባቱን የሚናገር ነው። እርስዎ የፍጥነት ችግር ብለውታል!

መብረቅም አለ። መብረቅ ቤትዎን መምታት አያስፈልገውም፤ አካባቢው ላይ ሲወርድ ደጅ በተዘረጋ ረጅም መዳብ ላይ ኃይል ያሳድራል። የኔትወርክ ወደብ 1500 ቮልት ለጥቂት ጊዜ እንዲችል ነው የሚሠራው፤ መብረቅ የሚያሳድረው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በየክረምቱ የተቃጠለ ራውተር ታቅፎ የሚመጣልኝ ሰው አይጠፋም፤ «ገመድ ደጅ አሳልፈሃል ወይ?» ስለው አንገቱን ይደፋል። የጎረቤትዎ ቤት ደግሞ ሌላ ቆጣሪና ሌላ የመሬት መስመር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ አለው። የሁለቱ ቤቶች የቮልት ልዩነት በእርስዎ ገመድ በኩል መንገድ ያገኛል።

አሁን ምን ያድርጉ? ጫፎቹን ከራውተሩና ከኮምፒውተሮቹ ልንቀል ብለው እንኳ በእጅዎ አይንኩ። ተከራዮቹም ጎረቤትዎም ገመዱ የተሰካበትን መሣሪያና ቆርቆሮውን እንዳይነኩ አሁኑኑ ይንገሯቸው። ጣሪያው ላይ አይውጡ። «ብሬከሩን አጥፍቼ አወርደዋለሁ» የሚል ሰው አውቃለሁ፤ እቤት ያለው ብሬከር ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለውን ሽቦ አያጠፋውም። ያ ሽቦ ሁልጊዜ ሕያው ነው። የመብራት አገልግሎቱን ወይም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ፤ ሲያነሱት ቆመው ይመልከቱ፣ አያግዙ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፋይበር ነው፣ መረጃን በብርሃን የሚያሳልፍ ገመድ። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በሁለቱ ጫፍ መቀየሪያ ሣጥን ይገባለታል። ግን ሲገዙ ልብ ይበሉ፣ ብዙው የፋይበር ገመድ እንዲጠነክር የብረት ሽቦ ተደርጎበታል፤ ያ ብረት የሸሹትን ነገር መልሶ ያመጣዋል። ብረት የሌለውን ይጠይቁ፣ በቱቦ ውስጥ አድርገው መሬት ያስቀብሩት፣ ከመብራት ሽቦ ያርቁት። ሌላው መንገድ ትይዩ የሚተከሉ ሁለት ገመድ አልባ ማገናኛዎች ናቸው። ለአንድ ግቢ ይበቃሉ። ለጎረቤት ማካፈሉን በተመለከተ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የተፈራረሙትን ውል ያንብቡ። ተከራይዎ ዛሬ ማታ ያለ ኢንተርኔት ቢያድር ምንም አይሆንም።

ከባሕል አዳራሽ ክፍለ ከተማ የደወለች ወጣት፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተራችን ይበላሻል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መብራት ሲሄድ ራውተሩን ንቀይው፤ ሲመጣ ደቂቃዎች ታግሠሽ ስኪው። የሚጎዳው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ያለው መዋዠቅ ነው። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ያለው መሣሪያም አለ፤ ራውተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይተሽ ያንኑ ግዢ። 12 ለሚለው 12፣ 9 ለሚለው 9። አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ነጎድጓድ ገና ከሩቅ ሲሰማም መንቀል ጥሩ ነው፤ ብልጭታውና ድምፁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተከታተሉ ግን መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ስለሆነ ገመድ ልንቀል ብለሽ አትሩጪ። ራውተር ይተካል።

ከቱላ የደወሉ አባት፦ ጎረቤት ዋይፋያችንን የሚጠቀም ይመስለኛል።

መልስ፦ ይለፍ ቃሉ የእርስዎ ስልክ ቁጥር ነው አይደል? ገመትኩ። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብተው የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይዩ። የዋይፋዩን ይለፍ ቃል ረጅም አድርገው ይቀይሩ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የራውተሩን መግቢያ ቃልም አብረው ይቀይሩ፣ ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ጥበቃውን ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ላይ ያድርጉ፣ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ ያጥፉ።

በጽሑፍ መልእክት የደረሰ፦ የፋይበር ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ። ገመዱን ነቅዬ ጫፉን ባየው ብርሃን የለውም።

መልስ፦ ሁለተኛ ጫፉን እንዳታይ! በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ስላላየኸው የለም ማለት አይደለም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል። መልሰህ ሰካው፣ ገመዱ የትም ቦታ ተጣጥፎ አለመጨማደዱን እይ፣ ከዚያ ለአገልግሎት ሰጪህ ደውል። ከዚህ በላይ የአንተም የእኔም ሥራ አይደለም።

ከአላሙራ የደወለች እህት፦ የኔትወርክ ገመዱን ስሰካ የኮምፒውተሩ ብረት ይነዝረኛል። ገመዱ ይሆን?

መልስ፦ ገመዱ አይመስለኝም እህቴ። የኮምፒውተሩ ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ሦስተኛው እግር የመሬት መስመር ነው። ሶኬትሽ ያ መስመር ከሌለው፣ ወይም «አልገባ አለኝ» ብሎ የቆረጠው ሰው ካለ፣ የኮምፒውተሩ ብረት በውስጡ ባለው የኃይል ሣጥን (ፓወር ሰፕላይ) ማጣሪያ በኩል የመብራቱን ግማሽ ያህል ቮልት ይሸከማል። ብዙ ጊዜ ውርር አድርጎ ይተዋል፤ የማይተው ብልሽት ግን በመንዘሩ ብቻ አይለይም። ኮምፒውተሩን አሁን አጥፊና ንቀይው። ይህ የኔትወርክ ሥራ ስላልሆነ እኔን አትጥሪ፤ የቤቱን የመሬት መስመር የሚለካልሽ ኤሌክትሪሽያን ነው።