ሞደሙ አልሞተም ነበር፦ በድሬዳዋ ለኮምፒውተር ጥገና ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼና ውድ ተመራቂዎች፤

አዘጋጆቹ ስለ መጪው ዘመን ቴክኖሎጂ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ይቅር ይበሉኝና እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ሽቦ ለመናገር ነው።

በ1992 ዓ.ም. ከዚራ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ሞደም መደወል በጀመረ ቁጥር የማውሱ ቀስት ባለበት እየደረቀ ተቸገረ። የተጠራው ባለሙያ ሽፋኑን ሳይፈታ ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ ጫነ፤ አልሆን ሲለው «ሞደሙ ሞቷል» ብሎ ሌላ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣ፤ አዲሱም እንደ ፊተኛው ሆነ። እኔ ስደርስ ገንዘብ ያዧ «አቦ፣ ሦስተኛ ሞደም ልትሸጥልን ከሆነ ከበሩ ተመለስ» አሉኝ።

ሽፋኑን ስፈታ ማውሱ ኮም 1፣ ሞደሙ ኮም 3 በተባሉት የመሣሪያ መግቢያዎች (ፖርቶች) ላይ ነበሩ። አድራሻቸው 3ኤፍ8 እና 3ኢ8 ተብሎ ቢለያይም ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበት መስመር፣ አይአርኪው የሚባለው ሽቦ፣ ያው አንዱ ቁጥር 4 ነው፤ ኮም 2 እና ኮም 4ም እንዲሁ 3ን ይጋራሉ። አይኤስኤ በሚባለው የቆየ ማስገቢያ በሚሰኩ ካርዶች ይህ መጋራት አይሠራም፤ ጥሪ ተቀባዩ 8259 ቺፕ የሚያዳምጠው መስመሩ ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚነሣበትን ቅጽበት ብቻ ነውና። የግቢውን ደወል አንዱ እንግዳ ተጭኖ ከያዘው የሁለተኛው መጫን አይሰማም፤ ይባስ ብሎም አንዱ ካርድ መስመሩን ሲያነሣ ሌላው ወደ ታች ይጎትተዋል። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጠውን፣ የሞደሙን መስመር የምትመርጠውን ጃምፐር ነቅዬ ወደ 5 አዛወርኳት፤ ብዙውን ጊዜ 5ን የሚይዘው የድምፅ ካርድ ስላልነበረው መስመሩ ባዶ ነበር። በዊንዶውስም ቁጥሩን አስተካከልኩ፤ ያዘዙልኝ ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ሳይፈታ «ሞቷል» የሚል ሰው ጠጋኝ አይደለም፤ ሻጭ ነው! በዚህች አንዲት ቃል ስንት የድሬ ሰው ያለ ዕዳው ከፈለ!

መጋራት ጭራሽ አይቻልም ማለቴ አይደለም። አራትና ስምንት ፖርት ያላቸው ካርዶች ጥሪዎቻቸውን ራሳቸው አጣምረው በአንድ መስመር ይልካሉ፤ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ግን ሁሉም ዝም እስኪሉ ድረስ እየዞረ መጠየቅ አለበት፤ አንዱን ብቻ አስተናግዶ ከወጣ መስመሩ እንደተነሣ ይቀርና ፖርቶቹ በሙሉ ይደነዝዛሉ። አይኤስኤን የተካው ማስገቢያ፣ ፒሲአይ፣ ይህን ጣጣ አቃልሎታል፤ እሱን መምህራኖቻችሁ ነግረዋችኋል።

«ሞቷል» የተባለውን የመጀመሪያውን ሞደም ይዤው መጥቻለሁ፤ ለመለማመጃ ክፍላችሁ ትቼዋለሁ። ጃምፐሩ ዛሬም 4 ላይ ነው።